አፈር ያልበላው ቃል

በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ የማድቤቴን መስኮት ስትነካ፣ የቫይታሚን ዲ ጠብታዬን እወስዳለሁ። አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ናት። ክዳኗን ከፍቼ ቁራሽ ዳቦ ላይ አንጠፈጥፋታለሁ፣ ዳቦውን እበላለሁ፣ ጠርሙሷን አጥቤ መስኮቱ ደፍ ላይ ከጓደኞቿ ጋር እደረድራታለሁ። ልጄ በመጣች ቁጥር ትስቅብኛለች። «እማዬ፣ የግፊትሽን ክኒን ስትረሺ ትከርሚያለሽ፣ ይቺን ግን ቤቱ ቢቃጠል አትረሺም» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም። ለመንገር ከስታማታ መጀመር አለብኝ፤ ስታማታን አንስቶ ቶሎ የጨረሰ ደግሞ የለም።

ስታማታ የወንድሜ የፓናጎስ ሚስት ነበረች። ቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ መሐላችን ያለው አህያ ከነጭነቷ የማታልፍበት ጠባብ መንገድ ብቻ ነው። እንዴት እንደተጋቡ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ብሆንም። ፓናጎስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፍየል ሲያባርር ከገደል ወድቆ የቀኝ ቅልጥሙ ተሰበረ። ወጌሻው እግሩን በሸንበቆ አስሮ፣ «ቤት ውስጥ እንዳትዘጉበት፣ ፀሐይ ይምታው» ብሎ ሄደ። ወንድሜም ያንን በጋ ጣሪያችን ላይ፣ ለመድረቅ ከተሰጣው በለስ ጎን፣ እሱም እንደ በለሱ ተሰጥቶ ከረመ። ውሃ የማመላልስለት እኔ ነበርኩ። በማዶ ደግሞ ስታማታ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በለሷን ልታገላብጥ በቀን ሦስት ጊዜ የአባቷ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። በለስ የሚገለበጠው በቀን አንዴ ነው።

በመስከረም ወንድሜ ቆሞ ሄደ። አጥንቱ የገጠመበት ቦታ ላይ ግን እንደ ወይራ ግንድ ቋጠሮ ያለ እብጠት ቀረ፤ በሱሪው ላይ እንኳ ይታወቅ ነበር። ስታማታ ካገባችው በኋላ ስሙን ትታ «ባለ ቋጠሮው» ነበር የምትለው፤ ስትወደውም ስትጣላውም።

ይጣሉ ነበር። ልጅ አልወለዱም፣ ጠብ ግን ወለዱ ይሏቸው ነበር በመንደሩ። ስታማታ ከአሮጌ ዘይት ሳሙና ትሠራለች፣ ሳሙናዋን የማይገዛ የለም፤ አንዱን የዘይት ጠርሙስ ከሌላው በምላሷ ትለያለች። ያው ምላስ ግን ሰው ላይ ሲዞር ምሕረት የለውም። ፓናጎስ ደግሞ ሳቂታ ነው። ትጮሃለች፣ ይስቃል፣ ሲስቅባት የባሰ ትጮሃለች። እኔ በማዶ ተቀምጬ ባቄላ እየፈለፈልኩ እሰማለሁ። ሬዲዮ መግዛት አላስፈለገኝም።

የሞተውም በዚሁ ጠብ ቀን ነው። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ወሩ መስከረም። ጠዋት ተነሥቶ በራቸው ላይ የነበረችውን የበለስ ዛፍ ቆረጣት። «ቤታችንን አጨለመችው፤ ከንግዲህ ትንሽ ብርሃን እንይ» አለ። ዛፏ የስታማታ እናት የተከለቻት ነበረች። ጩኸቱን ሰማሁ፤ ምን እንዳለችው ግን አልሰማሁም፣ በጥርሷ መሐል ነበርና የተናገረችው። እሱ እንደ ልማዱ ሳቀ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ታችኛው የወይራ እርሻ ወረደ። እኩለ ቀን ላይ በዚያው መሰላል ላይ አስተኝተው አመጡት። ልቡ ነው አሉ።

ዛፏ ስለተቆረጠች የስታማታ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃን ሊሞላ ነበር። እሷ ግን የመስኮቱን መዝጊያዎች ገጥማ ቀረቀረቻቸው። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁር ትለብሳለች፣ መስታወት ትሸፍናለች፣ አንድ ዓመት ቤቷን ትዘጋለች። ይሄ ያለ ነው። ስታማታ ግን አንዱን ዓመት ሁለት አደረገችው፣ ሁለቱን ሦስት፣ አምስትም ሞላ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ታወርደዋለች፣ ጫፉን እስከ አፍንጫዋ ትጠመጥመዋለች። የምትወጣው ወደ መቃብሩ ብቻ ነው፤ ያውም ጎህ ሳይቀድና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ የባሏን መብራት በዘይት ልትሞላ። ለመንናት፣ ለመንናት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብን።

በአምስተኛው ዓመት ሙታናችንን እናወጣለን። የመቃብር ቦታችን ጠባብ ነው፤ አጥንቱ በወይን ታጥቦ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ጉድጓዱ ለሌላ ይለቀቃል። ንጹሕ ቢጫ አጥንት ከወጣ፣ ሰውየው አርፏል ማለት ነው። ፓናጎስ በመጪው መስከረም ሊወጣ በየካቲት ስታማታ ከመቃብሩ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሦስት ደረጃ ብቻ ነው፤ የመንደሩ ፍየሎች ሳያዩት የሚዘሉት። ደርሼ ሳነሣት የቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ነበር።

«ጎተተኝ» አለችኝ።

«ማን ነው የጎተተሽ?»

«ማን እንደሆነ አጥተሽው ነው?»

ጀሶ አደረጉላት። ሦስት ወር አሉ፤ ሦስት ወር አለፈ። በሰኔ የወረዳው ጤና ጣቢያ ሐኪም የራጅ ፎቶውን ይዛ መጣች። ሚርቶ ትባላለች፤ ከሰሜን የመጣች፣ የገጠር አገልግሎት ግዴታዋን የምትጨርስ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በሻማ ብርሃን ስታማታን አየቻት፣ ጨለማውን ቤት አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ ስታማታ፣ አጥንቱ አልገጠመም። ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ተፋጠው ነው ያሉት። ፀሐይ ያገኝዎታል?»

«ፀሐይን ምን አደርጋታለሁ? ትውውቅ ከሆነ ድሮ ተዋውቀናል።»

ሚርቶ ደም ቀዳች። በሳምንቱ ስትመለስ ወረቀቱን ለኔ አሳየችኝ። «ቫይታሚን ዲ የላቸውም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት አገር! ከመሬት በታች የሚኖር ሰው ነው የሚመስሉት።»

«ታዲያ መድኃኒት አለው? እግሯን ያስገጥመዋል?» አልኳት።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። መዋሸት አትችልም፤ ለሐኪም ጥሩ ጠባይ አይደለም። «ጠብታው ብቻውን ስብራት ያስገጥማል ብዬ አልምልም። ብዙ ተጠንቷል፣ እርግጡ ግን ገና አልታወቀም። አጥንት ያለሱ እንደማይጠነክር ግን አውቃለሁ፤ የሳቸው ጎተራ ደግሞ ባዶ ነው። በሳምንት አንድ ጠርሙስ ይውሰዱ፣ በየቀኑ ትንሽ ፀሐይ ይሙቁ። እስከ መኸር ካልገጠመ ከተማ ሄደው በቀዶ ሕክምና ብረት ይገባላቸዋል።»

«ብረት!» አለች ስታማታ ከአልጋዋ። «ነገ ሞቼ ስታወጡኝ ቁርጥራጭ ብረት ልትለቅሙ ነው? ደግሞ በመስከረም የትም አልሄድም። ፓናጎስ የሚወጣበት ነው።»

«እሱን ሌላ ሰው ያወጣዋል፣ እማማ።»

«እኔ ካልቆምኩ አይወጣም!» ብላ ጮኸች፤ ሻማው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆሜ። በሁለት እግሬ ቆሜ» አለች። እኔ ኩራት መሰለኝ።

ሚርቶ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ሰጠቻት። ስታማታ ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። «ይሄ ዘይት ነው።»

«መድኃኒቱ በወይራ ዘይት ሟሙቶ ነው የሚመጣው። ለአጥንት ነው።»

«የአምና ዘይት ነው» አለች ስታማታ በንቀት። ጠርሙሱን ግን ጨብጣ አልለቀቀችውም።

በዚያ በጋ ወደ መቃብሩ የምሄደው እኔ ሆንኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሻገራለሁ፤ ስታማታ ዘይቱን በትንሽ ማሰሮ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። «መብራቱን ሙዪ፣ የተረፈውን በእግሩ በኩል አፈሩ ላይ አፍስሺው» ትለኛለች። ለምን ስላት፣ «ይጠማዋል» ትላለች። አፈስሳለሁ። ከሰው ጋር ስለ ሙት ክርክር አልገጥምም። የጠብታውን ነገር ደግሞ አላሰብኩትም፤ ባዶዎቹ ጠርሙሶች በየሳምንቱ እየታጠቡ ከጭስ ማውጫው ሥር ሲደረደሩ አያለሁ። አሥር ሲሞሉ ቆጥሬ ደስ አለኝ።

አንድ ምሽት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ መዝጊያው ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ፣ ቆም ብሎ አንድ ጊዜ።

«ሰማሽ?» አለች ስታማታ።

«ነፋስ ነው፣ እትዬ። ያቺ ቅርንጫፍ ናት የምታንኳኳው፤ ድሮም ታንኳኳ ነበር።»

«የትኛዋ ቅርንጫፍ?»

 በለሷ ከተቆረጠች አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ከናቴ የወረስኩት እልህ ነው። ያን ምሽት ግን መንገዱን ስሻገር ወደ ኋላዬ አላየሁም። ስድስት እርምጃ ነው፣ ረዘመብኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ሚርቶ እንደገና ደም ቀዳች። ውጤቱን ይዛ የመጣችው እኔ ቤት ነበር። ቁጭ ብላ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ፣ «ወይዘሮ ጋሩፋሊያ፣ ያቺ ሴትዮ አንድም ጠብታ አልወሰደችም» አለችኝ።

«በልጄ እምላለሁ ወስዳለች! ጠርሙሶቹን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጠርሙሱን አይተዋል። ስትጠጣ አይተዋታል?»

አላየሁም። ሁልጊዜ ጠዋት ነው የምወስደው ትለኝ ነበር። ሐኪሟን እዚያው ትቻት ተሻገርኩ። ስታማታ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ሳሙና ትቆርጣለች።

«ጠብታውን የት አደረስሽው?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሄዷል፣ ለሚያስፈልገው።»

«ማነው የሚያስፈልገው? ጠብታው ላንቺ አጥንት ነው የታዘዘው!»

«ለአጥንት ነው አላለችም? ታዲያ የኔ አጥንት ምን ያደርጋል? በመስከረም የሚታየው የኔ ነው? የሱ ነው። ዘይቱ ውስጥ ጨመርኩት። ያፈሰስሽለት ደግሞ አንቺ ነሽ።»

በርጩማ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለካ አሥር ሳምንት ሙሉ የአንዲት ሕያው ሴት መድኃኒት በወንድሜ መቃብር ላይ ሳርከፈክፍ ነው የከረምኩት። ልስቅ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳይ ተመለሰ።

«ምን ሆነሻል እትዬ? ፓናጎስ ምን ጎደለበት?»

ያን ጊዜ ነገረችኝ። የበለሷ ዛፍ መሬት ላይ ተዘርራ፣ እሱ መጥረቢያውን ይዞ ሲስቅ፣ ስታማታ ደፉ ላይ ቆማ፣ «አፈሩ አይብላህ!» ብላው ነበር። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሞተ።

በእኛ መንደር ከዚህ የከፋ እርግማን የለም። አፈር ያልበላው ሰው አያርፍም። ጉድጓዱ ሲከፈት እንደተቀበረ ነው የሚገኘው ይባላል፤ እንደገና ይቀበራል፣ ስሙም ከዘር ዘር በክፉ ይነሣል። እርግማኑን የሚያነሣው የረገመው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲረግም እንደቆመው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ። ተቀምጦ አይሆንም፣ በወኪል አይሆንም። አምስት ዓመት ሙሉ በጨለማ የተቀመጠችው ለሐዘን ብቻ እንዳልነበር አሁን ገባኝ። እሱ ከፍቶት የሄደውን ብርሃን ማየት ፈርታ ነው።

ያኔ ልታዝኚላት ይገባሽ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይገባኝ ነበር። ግን ፓናጎስ ወንድሜ ነው፤ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገኝ ወንድሜ። ደሜ ፈላ። እትዬ ማለቱን ረሳሁ።

«ስታማታ! ይሄንን ቃል ወንድሜ ላይ?» ብዬ ጮህኩ። «ወንድሜ ላይ? አንቺንም አፈሩ አይብላሽ!»

ቆሜ ነበር የተናገርኩት። በሩ ደፍ ላይ።

እሷ አልጮኸችም።  «አየሽ?» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ነው የሚያመልጠው። እኔንም እንዲህ ነው ያመለጠኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ወጥቼ ሄድኩ። ሦስት ቀን አልተሻገርኩም። ወደ መቃብሩ ግን ሄድኩ፣ ከቤቴ ዘይት ይዤ። በሦስተኛው ቀን እዚያ ተቀምጬ መብራቱን ሳይ ጣሪያው ላይ የነበረው እግሩ ትዝ አለኝ፤ በሸንበቆ ታስሮ ፀሐይ ላይ የተዘረጋው። ማዶ ላይ ደግሞ የደረቀ በለስ በቀን ሦስት ጊዜ የምታገላብጥ ልጅ። ወንድሜ በዚያች ቃል እንደ ሌላው ሁሉ ስቆባት ነው የሞተው። ይሄን እኔ አውቃለሁ፤ እሷ ግን አታውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ አንድ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። «አፍሽን ክፈቺ።»

«አልፈልግም። ለሱ አፍስሺው።»

«እሱ አሥር ጠርሙስ ጠጥቷል፣ ጠግቧል! ደግሞ ስሚኝ። ቃልሽን የምታነሺለት ቆመሽ አይደለም? በምን እግርሽ ልትቆሚ ነው? ለሱ ከሆነ ጠብታው ካንቺ እግር ውጪ የትም አይጠቅመውም።»

ጠርሙሷን አየች፣ እግሯን አየች። ከዚያ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፈተች። ስትውጠው ጉሮሮዋን አየሁ፤ ከንግዲህ የማምነው ጉሮሮዋን ብቻ ነው ብያለሁ።

«አንቺስ ቃልሽን አታነሺልኝም?» አለችኝ አፏን እየጠረገች።

«መጀመሪያ ዳኚ፣ እናያለን» አልኳት። ቂም አልነበረም። እልህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሦስት ሳምንት ለአጥንት ምንም አይደለም። በመስከረም፣ ሁለት የዘመድ ልጆች በወንበር ተሸክመው ወደ መቃብሩ ወሰዷት። ካህናችን አባ ስትራቲስ ጸሎት አደረሱ፣ ለሙታን የሚቀርበውን የተቀቀለ ስንዴ ባረኩ። እኔ አካፋውን ያዝኩ፤ ሙታንን የምናወጣው እኛ ሴቶች ነን። መሬቱን ልመታ ስል፣ «ቆይ» አለች ስታማታ። «አንሱኝ።»

«ሐኪሟ እግርሽን እንዳትረግጪ ብላለች» አልኳት።

«ሐኪሟ አልረገመችም።»

ትከሻዬን ይዛ ተነሣች። በግራ እግሯ ብቻ የምትቆም መስሎኝ ነበር፤ ቀኙንም አወረደችው። ሁለቱም እግሯ መሬት ላይ። ጥርሷ ሲፋጭ ጆሮዬ ሥር ሰማሁት፤ ጣቶቿ ትከሻዬ ላይ የተዉት ሰማያዊ ምልክት ሁለት ሳምንት ቆይቷል።

«ፓናጎስ» አለች። «በበለሷ ቀን የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። አፈሩ ይብላህ። ይብላህ፣ የኔ ባለ ቋጠሮ።»

አባ ስትራቲስ መስቀላቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ፤ ነገሩን ገና መስማታቸው ነበር። እኔ ቆፈርኩ። ልቤ ከአካፋው በላይ ይጮሃል። ሳንቃው በስብሷል፣ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። በእጄ ደባበስኩ፤ መጀመሪያ የነካሁት የራስ ቅሉን ነው። አወጣሁት። እንደ ሰም ቢጫ፣ ንጹሕ፣ ቀላል። ከዚያ የጎን አጥንቶቹ፣ እጆቹ፣ እግሮቹ። አፈሩ ምንም አላስቀረም። እልል ማለት ቃጣኝ፤ የማያስኬድ ነገር ነው፣ ተውኩት።

አንድ በአንድ በወይን እያጠብኩ ለስታማታ አቀበልኳት፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና በነጭ ጨርቅ ታደርቃለች። የቀኙን ቅልጥም ሳቀብላት እጇ ቆመ። ቋጠሮው አለ። ሌላው አጥንት ቀጭን ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን የጡጫን ያህል ወፍሯል፤ የሰው እጅ የሠራው እንኳ እንዲህ አይያያዝም። በአውራ ጣቷ አሸችው፣ አሸችው።

«በልቶታል» አለች። «ድሮ በልቶ ጨርሶታል። እኔ ሳላነሣለት በፊት፣ ስንት ዓመት በፊት።» ከዚያ አየችኝ፤ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። «አፈሩ ያልበላው እኔን ነው፣ ፋሊያ። ሳልሞት።»

 አጥንቶቹን እንዲደርቁ አንሶላ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ደረደርናቸው። እስኪደርቁ ወደ ቤት እንውሰድሽ አልናት። «አይሆንም፣ እጠብቀዋለሁ» አለች። ሻሿን ከፊቷ ገለጠች፣ ወንበሯን አስጠጋች። ረፋዱን ሙሉ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ እስክትደርስ፣ አልፎ አልፎ ዘንበል እያለች አንዱን አጥንት ታገላብጣለች።

ከዚያ በኋላ ጠብታዋን ወሰደች፣ በየቅዳሜው፣ እኔ ፊት። ደጃፏ ላይ በተቆረጠችው በለስ ጉቶ ላይ መቀመጥም ጀመረች። ሚርቶ ቀዶ ሕክምናውን አዘገየችላት፤ ትንሽ ትንሽ እንድትረግጥ የእግር መደገፊያ አመጣችላት። በየካቲት፣ በወደቀች በዓመቷ፣ አዲሱን ፎቶ ይዛ ገባች። ቤቱ አሁንም ጨለማ ነው። ፎቶውን በሻማ ልታሳየን ሞከረች፣ አልታይ አለ።

«ፋሊያ፣ መስኮቱን ክፈቺው» አለች ስታማታ።

የበለሷ በኩል ያለው መዝጊያ ነው። ማጠፊያው ዝጎ እምቢ አለኝ፤ በሙቀጫ ዘነዘና መታሁት። ሲከፈት ብርሃኑ እንደ ውሃ ገባ፤ አምስት ዓመት ተኩል የተቀመጠ አቧራ ሁሉ ተነሣ። ሚርቶ ፎቶውን የመስኮቱ መስታወት ላይ ደገፈችው። ሁለቱ ጫፎች ተያይዘዋል። ዙሪያውን ነጭ ቋጠሮ አብጧል፤ በዚያው በቀኝ እግር፣ በዚያው ቦታ።

ስታማታ በምርኩዟ ተጠግታ እጇን መስታወቱ ላይ ዘረጋች። «ፓናጎስ» አለች።

«እትዬ፣ ያንቺ እግር ነው።»

«የኔ እንደሆነ አውቃለሁ።» እጇን አላነሣችም። «እሱ ነው።»

  በኋላ ደጃፍ ላይ፣ «ጠብታው ነው ያዳናት?» ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። «አላውቅም» አለች። «ጠብታው ይሆናል፣ ጊዜው ይሆናል፣ መርገጧ ይሆናል። ደሟ ግን አሁን የሰው ደም ነው።» ስታማታ ከውስጥ ሰምታ፣ «አላውቅም የሚል ሐኪም! ይቺ ልጅ መቼም ሀብታም አትሆንም» ብላ ጮኸች። ድሮ የማውቀው ጩኸት ነበር።

ማንኳኳቱ ቀረ። መስኮቱ ክፍት ነውና የሚንኳኳም የለም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖረች። አንዳንዴ፣ ጉቶው ላይ ተቀምጠን አተር ስንፈለፍል፣ «ፋሊያ፣ ያንን ቃልሽን መቼ ነው የምታነሺልኝ?» ትለኛለች።

«ስትሞቺ» እላታለሁ።

«እንግዲያው እግርሽን ጠብቂ። ተቀምጦ አይሆንም።»

እንስቃለን። አንድ ቀን ቁም ነገር አድርጌ፣ «አንሥቻለሁ እትዬ» ብላት አልቆ ነበር። ከአተሩ ሳልነሣ እንኳ ይሆንልኝ ነበር፣ እሷ እዚያው በሕይወት ነበረቻ፤ መቆሙ ለሙት ነው። እልህ። ቀልዱም ደግሞ ጣፋጭ ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት በመስከረም ልጄ ልትወልድ ስለነበር ከተማ ሄድኩ፤ ስመለስ ስታማታ ተቀብራ ሦስት ቀን ሆኗታል። በእንቅልፏ ነው አሉ። መስኮቱ ክፍት ነበር አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማምሻ ላይ በመንገዱ በኩል ያለው መዝጊያዬ ይንኳኳል። ሁለት ጊዜ፣ ቆም ብሎ አንድ ጊዜ። በመንገዳችን ዛፍ የለም። እኔ በሙት መንፈስ አላምንም ብያችኋለሁ፤ ሲንኳኳ ግን፣ «ሰምቻለሁ እትዬ፣ ትንሽ ታገሺኝ» እላለሁ።

አምና ግቢዬ ውስጥ ተንሸራትቼ የእጄ አንጓ ተሰበረ። አዲሱ ሐኪም ደሜን አይቶ፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ ሌላ ስብራት እንደማልችል ነግሮኝ ጠብታውን አዘዘልኝ። ጠብታው ምን ያህል እንደሚያድን ስጠይቀው እሱም አላውቅም አለኝ። የገጠር ሐኪሞቻችንን ከየት እንደሚያመጧቸው እንጃ።

የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ስከፍት ዳቦው ላይ ከማንጠፍጠፌ በፊት እጄ ለስታማታ የመቃብር መብራት ወዳዘጋጀሁት ዘይት ሄዶ ነበር። ያዝኩት። በመስከረም ስታማታ ትወጣለች፣ የማወጣትም እኔ ነኝ። አካፋውን ሳላነሣ በፊት ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ፣ «ይብላሽ» ማለት አለብኝ። እስከዚያ ስድስት ቅዳሜ ቀርቷል። ስድስት ጠርሙስ አለኝ።